ከአካባቢው ጋር የተስማማ ቤት ለምትሠሩ
በደጋው አገራችን የገጠር ቤትን ለዛ ከዘመናዊ አኗኗር ጋር ያጣመረ ቤት ለመሥራት የምታስቡ ሁሉ፣ ፕላኑ ከመነደፉ በፊት ቦታውን በክረምትም በበጋም ተመልክታችሁ ጎርፉ የሚወርድበትንና ነባር ዛፎች የቆሙበትን ለይታችሁ አስፍሩ። ወይራውን ከመቁረጥ በረንዳውን ወደ ጥላው ማዞር ይሻላል። በታኅሣሥና በጥር ብርድ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ የሳሎኑ ሰፊ መስኮትም ወደዚያው ይሁን።

ከሁሉ በላይ ግን የጭቃውን ግድግዳ ከዝናብ አድኑት፦ መሠረቱን በአካባቢው ድንጋይ ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉ፤ የጣሪያውንም ክፈፍ አርዝሙት። በጭድ በተቦካ ጭቃ የተመረገን ግድግዳ በሲሚንቶ መለሰን እርጥበቱን አፍኖ ልስኑን ስለሚያስለቅቀው፣ በጭቃ ወይም በኖራ እንዲለሰን አጥብቄ እመክራለሁ።