ለሆቴል ሕንፃ አድሬሰብል ፋየር አላርም፦ ዲቴክተሩንና ኢንዲኬተሩን ማስተካከል

አድሬሰብል ፋየር አላርም ከተራው የሚሻለው ጭሱ የት እንደተነሳ በቁጥር ስለሚናገር ነው። ሌሊት ሪሴፕሽን ላይ ያለው ሠራተኛ ፓኔሉን (የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን) አይቶ በቀጥታ ወደ ትክክለኛው በር መሮጥ ካልቻለ ያ ሁሉ ወጪ ከንቱ ነው። ስለዚህ ሥራው መሰላል ከመውጣት በፊት ወረቀት ላይ ይጀምራል።

ፕላኑን ዘርግታችሁ እያንዳንዱን ዲቴክተር (ጭስ ወይም ሙቀት የሚለየውን)፣ ኮል ፖይንት (ሰው በእጁ ተጭኖ የሚያስጮኸውን) እና ሳይረን ቁጥር፣ ማለትም አድራሻ፣ ስጡት። ቁጥሩ የኬብሉን አካሄድ ይከተል፤ ከፓኔሉ ሲወጣ መጀመሪያ የሚገኘው 1፣ ቀጥሎ ያለው 2 ይሁን። እንዲህ ከሆነ ኬብል ሲበጠስ በ23 እና በ24 መካከል መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። የአፖሎ ኩባንያ ኤክስፒ95 የሚባለው ሲስተም በአንድ ሉፕ (በአንድ የኬብል ዙር) 126 ዕቃ፣ የሆቺኪ ኩባንያ ኢኤስፒ ደግሞ 127 ይይዛል፤ ግን ሙሉውን አትጨርሱት፣ ነገ ባለቤቱ ፎቅ ሊጨምር ይችላል። ፓኔሉና ዲቴክተሩ አንድ ፕሮቶኮል (የመገናኛ ቋንቋ) ካልተናገሩ ደግሞ ርካሽ የተገኘ ዕቃ ምንም አይፈይድም።

ኬብሉ ከፓኔሉ ወጥቶ ተመልሶ ፓኔሉ ላይ ይዘጋል። ሜገር የሚደረገው (የኬብሉ ሽፋን በ500 ቮልት የሚፈተሸው) ዲቴክተሮቹ ቤዙ (ኮርኒሱ ላይ የሚታሰረው መቀመጫ) ላይ ከመግባታቸውና ኬብሉ ከፓኔሉ ጋር ከመታሰሩ በፊት ነው፤ ያ ቮልት ውስጣቸውን ያቃጥላል። አንድ ሾርት (የሽቦዎች መነካካት) ከ32 በላይ ዲቴክተሮችንና ኮል ፖይንቶችን እንዳያጠፋ የአውሮፓው የፋየር አላርም ደረጃ ኢኤን 54 ይጠይቃል። በየፎቁ መግቢያና በመሃል አይሶሌተር (ሾርት ያለበትን የኬብል ክፍል ከሌላው የሚለይ) ማስገባት ይሻላል።

አድራሻው በዲፕ ስዊች (በተደረደሩ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች) የሚሞላ ከሆነ የስዊቾቹ ዋጋ በተራ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32፣ 64 ነው። 37ን ለመሙላት 32፣ 4 እና 1 ይደመራሉ፤ ማለትም ስድስተኛው፣ ሦስተኛውና አንደኛው ስዊች ይመረጣሉ። አንዳንዱ ዕቃ ላይ ኦን ማለት ዜሮ ስለሆነ መመሪያውን ሳታዩ አትሙሉ። አድራሻው ቤዙ ላይ በሚቀር ካርድ የሚያዝ ከሆነ የዲቴክተሩን ራስ (ቤዙ ላይ የሚጠመዘዘውን) መቀየር ችግር የለውም። አድራሻው በዚያ ራስ ውስጥ የሚያዝ ከሆነ ግን ቀለም ቀቢ አውልቆ ያገኘው ቦታ ላይ ሲመልሰው ክፍል 204 ተቃጥሎ ፓኔሉ 210 ይላል። ጎኑ ላይ ቁጥሩን በማይለቅ ማርከር ጻፉ።

የዲቴክተሩን ዓይነት ቦታው ይወስነዋል። መኝታ ክፍል ኦፕቲካል (ጭስን በብርሃን የሚለይ) የጭስ ዲቴክተር ይበቃዋል። ኩሽና ላይ የሙቀት፣ በተለይ ክላስ ቢኤስ የሚባለው ይሁን፤ የሚሠራው ከ69 እስከ 85 ዲግሪ ባለው ውስጥ ሲሆን፣ የምድጃ በር ተከፍቶ ሙቀቱ በድንገት ቢጨምርም 69 ሳይደርስ አይጮኽም። ቡና የሚቆላበትና ዕጣን የሚጨስበት የሎቢ ጥግ ላይ የጭስ ዲቴክተር ከተሰቀለ በየቀኑ ይጮኻል፣ ከዚያ አንዱ ሰው ያጠፋዋል፤ እዚያም የሙቀት አድርጉ ወይም ቡናውን ወደ በረንዳ አውጡት። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሌላ ጣጣ አለ፦ ምሽት መብራት የሚከቡት ጥቃቅን ነፍሳት ወደ ዲቴክተሩ ውስጥ ገብተው ብርሃኑን ሲበትኑት ጭስ ይመስለዋል። ክፍት ኮሪደር ላይ ከመብራት አርቁት፣ ጥሩ ወንፊት ያለውን ምረጡ፤ የአቧራ ክዳኑንም ሕንፃው ሳያልቅ አታንሱ።

ኢንዲኬተር፣ ማለትም ዲቴክተሩ ሲጮኽ ውጭ የሚበራው ትንሽ መብራት፣ የሚያስፈልገው ዲቴክተሩ ከዓይን ሲሰወር ነው፦ የተቆለፈ መኝታ ክፍል፣ ከኮርኒስ በላይ ያለ ክፍተት፣ የኤሌክትሪክ ክፍል። መኝታ ክፍል ከሆነ ከበሩ በላይ ኮሪደር ላይ ይሰቀላል፤ እያንኳኩ ከመፈለግ ያድናል። ሁለት ሽቦ ብቻ ከቤዙ የኢንዲኬተር ተርሚናል ይሄዳል። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ከተገለበጠ አይበራም፣ ፓኔሉም ፎልት (ብልሽት) አያሳይም፤ ስለዚህ ካልተሞከረ ማንም አያውቅም። ተራ የ24 ቮልት አምፖል ማሰር ሉፑን ያስጨንቃል፤ ለዚያ ዲቴክተር የተሠራውን ተጠቀሙ። አንዳንድ ፓኔል ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ በአንድ ጊዜ የሚበሩትን ስለሚገድብ፣ ብዙ ዲቴክተር አንድ ላይ ሞክራችሁ አንዱ ባይበራ ሽቦውን ከመፍታታችሁ በፊት ለብቻው ድገሙት።

ከዚህ በኋላ ፓኔሉ ራሱ ሉፑን እንዲቆጥር እዘዙት። ወረቀቱ 66 ሲል ፓኔሉ 64 ካገኘ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቦታ አድራሻ ተደግሟል፤ ወይም አንዱ ቤዙ ላይ በደንብ አልተጠመዘዘም። ቁጥሩ ቢገጥምም የዕቃውን ዓይነት ከወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። ብዙ ፓኔል የግዕዝ ፊደል ስለማያሳይ የክፍሉን ስም በላቲን ፊደል አሳጥራችሁ ጻፉና፣ ጎኑ ላይ በአማርኛ የተጻፈ የአድራሻ ዝርዝርና የፎቅ ፕላን ላሚኔት አድርጋችሁ ለጥፉ። የሌሊት ጥበቃው የሚያነበው እሱን ነው።

ሙከራው በጭስ መሞከሪያ ስፕሬይ ይሁን፤ ሲጋራና ዕጣን ዲቴክተሩን ያቆሽሻሉ። አንዱ ፓኔሉ ጋ፣ ሌላው ክፍሉ በር ላይ ቆመው በስልክ ይነጋገሩ፦ ቁጥሩ፣ የክፍሉ ስምና ኢንዲኬተሩ ሦስቱም ካልገጠሙ ወደሚቀጥለው አትለፉ። በመጨረሻ መብራቱን ከብሬከሩ አጥፉና ባትሪው ብቻውን እንዲሸከም ተዉት። የተለመደው መለኪያ 24 ሰዓት ቆይቶ ሳይረኑን 30 ደቂቃ ማስጮህ ነው፤ ሁለቱ የ12 ቮልት ባትሪዎች ይህን ካልቻሉ ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ።