የድሮ ሸክላ ማጫወቻ አዳማ ላይ ለምታስነሱ

ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ማጫወቻው ጀርባ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። የእኛ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ (የኤሌክትሪኩ ሞገድ በሰከንድ የሚደጋገምበት ብዛት) ነው። ከአሜሪካ የመጣ ማጫወቻ ብዙውን ጊዜ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ይላል። ቮልቱን ትራንስፎርመር ያስተካክለዋል፤ ኸርዙን ግን አይነካውም። አንዳንድ ሞተር ፍጥነቱን ከኸርዙ ስለሚወስድ፣ በደቂቃ 33 ዙር መሽከርከር የነበረበት ወደ 28 ይወርዳል። ዘፈኑ ይጎተታል፣ የዘፋኙም ድምፅ ይወፍራል። ለ50 ኸርዝ የተሠራ ፑሊ (የሞተሩ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ መዘውር) ሲገባለት ይስተካከላል።

ቀጥሎ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አድርጉትና በውሃ ልክ አስተካክሉ። ከስፒከሩ አርቁት። የመርፌውን ጫና አምራቹ ባዘዘው ልክ አድርጉ፤ ብዙ የማግኔት ካርትሪጆች (መርፌውን የሚይዙት ክፍሎች) ከ1.5 እስከ 2 ግራም ይበቃቸዋል። መርፌው ዘለለ ብሎ ሳንቲም መጫን ሸክላ መግደል ነው። እባካችሁ አታድርጉት። የአገራችን ሙዚቃ አሳታሚ አምሃ ሬከርድስ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያወጣቸው ባለ 45 ዙር ሸክላዎች እኮ ዛሬ እንደ ልብ አይገኙም!

መዝለሉን ብዙ ጊዜ የሚያመጣው አቧራ ነው፤ የአዳማን አቧራ ደግሞ ታውቁታላችሁ። እኔ ሁሌም ክዳኑን እዘጋለሁ። መርፌውን በለስላሳ ብሩሽ ከኋላ ወደ ፊት ብቻ እጠርጋለሁ። ሸክላዎቹን ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት አርቄ አቆማቸዋለሁ፤ በሙቀት ይጣመማሉ።

እምም የሚል ድምፅ ካለ የግራውንድ ሽቦውን (ከማጫወቻው የሚወጣውን ቀጭን ሽቦ) አምፕሊፋየሩ ላይ እሰሩ። ድምፁ ከሳሳ ፎኖ ፕሪአምፕ (ከመርፌው የሚመጣውን ደካማ ድምፅ የሚያጎላ መሣሪያ) ይጎድለዋል። ፍጥነቱ ከዋዠቀ ሸክላው የሚቀመጥበትን ሳህን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቷል፤ ቀይሩት።