ልጁ አልቻለም ከማለታችሁ በፊት

አዲስ አበባ የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ብዙ ጊዜ የሚመጡልኝ «እርሳስ አያያዝ እምቢ አለው»፣ «በደልዳላ መሬት ይደናቀፋል» የተባሉ ልጆች ናቸው። የእንቅስቃሴ ችሎታቸውን የምንመዝንበት ዕቃ ግን የውጭ ነው። አዲስ ባለሙያዎች «እንዴት እንጠቀምበት?» ሲሉኝ የምነግራቸውን እዚህ ላስፍረው።

መጀመሪያ ዕቃችሁን እወቁት። እኔ የምጠቀመው ሙቭመንት ኤቢሲ የሚባለውን የእንቅስቃሴ ፈተና ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣውን ሁለተኛ እትም። ከ3 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ሲሆን ዕድሜውን በሦስት ይከፍለዋል። ስምንት ሥራዎች አሉት፦ ሦስት የእጅ ቅልጥፍና፣ ሁለት መወርወርና መቅለብ፣ ሦስት ሚዛን። ውጤቱ እንደ ትራፊክ መብራት ነው። ከመቶ ልጆች መጨረሻ ላይ ካሉት አምስቱ ጋር የዋለ ቀይ፣ ከዚያ በላይ እስከ 15ኛው ቢጫ፣ የቀረው አረንጓዴ። እዚህ ጋ ቆም በሉ። እነዚያ «መቶ ልጆች» የእንግሊዝ ልጆች ናቸው። ቀለሙ የሚነግራችሁ የጉለሌዋ ልጅ እንግሊዝ አገር ብትሰለፍ የት እንደምትቆም ነው።

ዕድሜን አጣሩ። ቀላል ይመስላል፤ እኔን ግን አንዴ ጉድ ሠርቶኛል። እናትየው «ኅዳር 2009 ነው የተወለደው» አለችኝ። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ልቀይር ስምንት ደመርኩና 2017 ብዬ ጻፍኩ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ግን ልዩነቱ ሰባት ነው! ሰባት ዓመት የሞላውን ልጅ በስድስት ዓመት ሠንጠረዥ መዘንኩት። አረንጓዴ ወጣና ወደ ቤቱ ሄደ። ወደዚህ ልጅ እመለሳለሁ። ቀኑን የማታውቅ እናት ስትገጥማችሁ በበዓል ጠይቁ። «ለጥምቀት ታቅፈሻት ወጥተሽ ነበር?» ስትሏት ወሩን ቁጭ ታደርግላችኋለች።

ከዚያ ልምምዱን አትዝለሉ። በልምምድ ጊዜ ማረም፣ ደግሞ ማሳየት ይቻላል፤ ቆጠራው ከተጀመረ ግን አፍ መዝጋት ነው። ለትንንሾቹ ከሚሰጡት ሥራዎች አንዱ የላስቲክ ሳንቲሞችን በሳጥን ቀዳዳ መክተት ነው፣ በተቻለ ፍጥነት። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ እያንዳንዷን ሳንቲም በጣቷ አስተካክላ፣ ቀጥ አድርጋ፣ ቀስ ብላ ነበር የምትከተው። ገንዘብ በጥንቃቄ ነዋ የሚያዘው! ተራው የግራ እጅ ሲሆን ደግሞ ቀና ብላ እናቷን አየች። «በግራ አይሰጥም» ተብላ ያደገች ልጅ ናት። ሰዓቱ መቁጠሩን አላቆመም። አሁን በልምምዱ ላይ «እሽቅድምድም ነው፣ ግራም ይፈቀዳል» እላለሁ፤ እናትየውም ጭንቅላቷን እንድትነቀንቅላት አደርጋለሁ። ልጆቻችን አዋቂ ፊት ዝም ይላሉ። አለመጠየቃቸው ገባቸው ማለት አይደለም።

አሁን ውጡና ግቢውን እዩ። ይቺው ልጅ ክፍሌ ውስጥ ቢጫ ወጥታ፣ በረንዳው ላይ ሰኞ ማክሰኞ ስትጫወት አየኋት። በአንድ እግሯ ቆማ ድንጋዩን በጫማዋ ጫፍ ገፋችው፣ መስመር ሳትነካ ተከትላ ዘለለች፣ መጨረሻ ላይ በአንድ እግሯ ዞረች። ቅልብልቦሽ ስትጫወት ደግሞ ጠጠሩን ወደ ላይ ወርውራ፣ መሬት ያሉትን አፍሳ፣ የወረወረችውን ትቀልባለች። ይቺን ልጅ የእጅ ችግር አለባት ልበል? አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ለእንዲህ ያለ የእንቅስቃሴ ቅንጅት ችግር ያወጡት የምርመራ መስፈርት ራሱ ክህሎቱ ከዕድሜውም፣ ለመማር ካገኘው ዕድልም አንጻር ይታይ ይላል። የዕለት ኑሮውን ማስቸገሩንም ይጠይቃል።

ስለዚህ ስለ ዕለት ኑሮ ስትጠይቁ የእኛን ኑሮ ጠይቁ። የካናዳው የወላጆች መጠይቅ ልጁ የሚመጣ ኳስ በዱላ ወይም በራኬት ይመታ እንደሆነ ይላል። የኔ ጥያቄዎች ሌላ ናቸው። እንጀራ በአንድ እጁ ቆርሶ፣ ወጡን ጠቅልሎ፣ ሳያንጠባጥብ ይጎርሳል? ለእንግዳ ውኃ ሲያስታጥብ ማንቆርቆሪያውን ይቆጣጠራል? ሲኒ በሰሐን አድርጎ ሳይደፋ ያደርሳል? አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፦ የፈተናውን ሥራ ከቀየራችሁ የእንግሊዙን ሠንጠረዥ እርሱት። የቀየራችሁትን በግልጽ ጻፉ፣ ልጁን ከሰፈሩ እኩዮች ጋር አስተያዩት። ከዚያው ትምህርት ቤት ሃያ ሠላሳ ልጆችን አይታችሁ ቢሆን ደግሞ ግሩም ነው።

ሁሉን በባህል ማሳበብም ልክ አይደለም። ያ በዕድሜው የተሳሳትኩበት ልጅ ከወራት በኋላ ተመለሰ። በትክክለኛ ዕድሜው ስመዝነው ቀይ ወጣ። ግቢ አወጣሁት። ሰኞ ማክሰኞ ሁለተኛው ሳጥን ላይ ሁለት እግሩን አወረደ። የካልሲ ኳስ ደረቱን መትቶት ከወደቀ በኋላ ነው እጁን የዘረጋው። እናትየው «ጠዋት ቁልፉን እኔ ካልቆለፍኩለት አርፍዶ ነው የሚሄደው፤ ምሳ ላይም ሸሚዙ ወጥ በወጥ ይሆናል፤ ሰነፍ ነው እያልኩ ስቆጣው» አለችና ዝም አለች። ክፍል ውስጥ፣ ግቢ ውስጥ፣ ቤት ውስጥ ያው ነው። ሪፖርቱ ላይ ሦስቱንም ጻፍኩ፣ የድሮውን ስህተቴንም ጨምሬ። ለሷ ደግሞ በቃል አንድ ሥራ ሰጠኋት፦ ሰፋ ያለ ቁልፍ ያለው ሸሚዝ ፈልጊለት፣ ከታችኛው ቁልፍ ይጀምር፣ በሳምንት አንድ ቁልፍ ብቻ።