ሳይዘንብ የሚያንጠባጥብ ጣሪያ፦ የጅማ ቤቶች የፎም ችግሮችና መፍትሄያቸው

ቆርቆሮ ሥር ፎም ያስነፋ ሰው ነገሩ ሳይሳካለት ሲቀር «ፎሙ አይረባም» ይላል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ቆርቆሮውንና ፎሙ የተነፋበትን ቀን ነው።

እዚህ የማወራው ክሎዝድ ሴል ስለሚባለው ጠንካራ ፎም ነው። ኢሶሲያኔትና ፖሊዮል የሚባሉ ሁለት ፈሳሾች በማሽን ሞቀው፣ እኩል በእኩል ተቀላቅለው ይረጫሉ። በየሱቁ በጣሳ የሚሸጠው የበርና የመስኮት ክፍተት መሙያ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ለመድረቅ የአየር እርጥበት ይፈልጋል፣ ይኼኛውን ግን እርጥበት ያበላሸዋል። ጣሪያ በጣሳ ፎም ለመሸፈን ያሰበ ካለ ገንዘቡን ይያዝ።

ደግሞ ጅማ ጋምቤላ አይደለችም። 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ቀን ሞቃ ሌሊት የምትቀዘቅዝ ከተማ ናት። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊሜትር ዝናብ ታገኛለች፣ ዝናቡም ክረምት እስኪገባ አይጠብቅም። ለቆላ አገር የሚጻፈው ምክር ኤርኮንዲሽነር ላለው ቤት ስለሆነ የሚፈራው ከውጭ ወደ ውስጥ የሚገባውን እርጥበት ነው። እኛ ዘንድ ቆርቆሮውን የሚያረጥበው በአብዛኛው ከቤት ውስጥ የሚወጣው እንፋሎት ነው።

ጠዋት ያንጠባጥባል፣ ሌሊት ግን አልዘነበም

ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከአየሩም በታች ይቀዘቅዛል። ከምድጃ፣ ከትንፋሽና ከእርጥብ ልብስ የወጣው እንፋሎት በየቀዳዳው ወደ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮው ላይ ውሃ ይሆናል፤ እንጀራ ሲበስል አክምባሎ ውስጡ እንደሚያልበው ማለት ነው። የፎሙ ሥራ ይህ አየር ቆርቆሮውን እንዳያገኘው ማድረግ ነው።

ላብ ይሁን ፍሳሽ ለመለየት ዝናብ ያልጣለበትን ጥርት ያለ ሌሊት ይምረጡና ንጋት 12 ሰዓት ላይ ባትሪ ይዘው ኮርኒሱ ውስጥ ይመልከቱ። ጠብታው ባዶ ቆርቆሮ በታየበት ሁሉና በየሚስማሩ ጫፍ ላይ ከሆነ ላብ ነው። አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ፣ ዙሪያው ቡናማ ክብ ካለውና ዝናብን ተከትሎ የሚመጣ ከሆነ ፍሳሽ ነው።

ላብ ከሆነ ፎሙ ሳስቷል ወይም ሳይደርስ የቀረበት ቦታ አለ። ብዙ ጊዜ የሚዘለሉት ቆርቆሮው ግድግዳው ላይ የሚያርፍበት ጥግ፣ የማገሩ ጎንና ጎን፣ የጣሪያው አናት ናቸው። ቀጭን ሽቦ ወስደው ብዙ ቦታ እየወጉ ይለኩ። ክሎዝድ ሴል እንፋሎትን በደንብ የሚያግደው ከ40 እስከ 50 ሚሊሜትር ሲሆን ነው። ቆርቆሮው ሞገድ ስለሆነ አንዱ ጋ 50 ሌላው ጋ 15 ቢያገኙ አይገርምም፤ መለካት ያለበት የሳሳው ነው። መፍትሄውም ቀጭኑን ቦታ ደግሞ ማስነፋት ብቻ ነው።

ፍሳሽ ከሆነ ግን ከሥር ፎም አይጨምሩ! ውሃው በፎሙና በቆርቆሮው መካከል በሞገዱ ቦይ ይሄድና ከቀዳዳው ርቆ ይወጣል፤ ተጨማሪ ፎም መውጫውን ከማራቅ ሌላ ጥቅም የለውም። ጣሪያው ላይ ይውጡ፤ ጎማቸው የተሰነጠቀ ሚስማሮችን፣ ያልተደራረበ መጋጠሚያና የታፈነ አሸንዳ ይፈልጉ። ከላይ ከተጠገነ በኋላ የረጠበውን ፎም ቆርጦ ማውጣት፣ ማድረቅ፣ እንደገና መንፋት ነው።

ፎሙ እየተላቀቀ ነው

የወደቀውን ቁራሽ ገልብጠው ይዩት። ጀርባው ላይ ቡናማ ዱቄት ካለ የተጣበቀው ከዝገቱ ጋር ነበር። ጀርባው ለስላሳና ንጹህ ከሆነ ወይ አዲስ ቆርቆሮ ላይ ያለው የፋብሪካ ዘይት አልተጠረገም፣ ወይ ቆርቆሮው ጤዛ ነበረው። ኢሶሲያኔት ውሃ ሲያገኝ ጋዝ ይፈጥራል፣ ከቆርቆሮው ጋር ሳይያያዝም ይቀራል። እንጨት ላይ የተላቀቀ ከሆነ ደግሞ ትኩስ የተቆረጠ ባህር ዛፍ ማገር መሆኑን ይጠይቁ፤ እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ፎሙም አብሮ ይሰነጠቃል። እንጨት ከመነፋቱ በፊት እርጥበቱ ከ19 በመቶ በታች መሆን አለበት።

ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አራግፎ አንቲረስት መቀባት፣ ዘይቱን መጥረግ፣ ከዚያ ቀኑን መምረጥ። ጅማ ላይ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ያኔም ቢሆን ጤዛው ሳይለቅ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት መጀመር አያስፈልግም። የቆርቆሮው ሙቀት ከጤዛ ነጥብ፣ ማለትም በአየሩ ውስጥ ያለው እንፋሎት ውሃ መሆን ከሚጀምርበት ሙቀት፣ ቢያንስ በ3 ዲግሪ መብለጥ አለበት። «ልጄ፣ መጀመሪያ አንድ ክንድ ብቻ ነፍተህ አሳየኝ» ማለት ነውር የለውም። ሲደርቅ ይጎትቱት፤ ፎሙ ራሱ ተቀዶ ግማሹ ቆርቆሮው ላይ ከቀረ ጥሩ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ተላጦ ከመጣ ሥራው አይቀጥል።

የዓሣ ሽታ አለው፣ ወይም ሲነኩት ይፈረፈራል

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሽታ በመስኮት ይወጣል። ካልወጣ ቅልቅሉ ተዛብቷል። ኢሶሲያኔት የበዛበት ጠቆር ብሎ ይፈረፈራል፤ ፖሊዮል የበዛበት ልል ነው፣ ሙጫ ሙጫ ይላል፣ ይሸታል። እዚህ አገር የተለመደው ሰበብ ኮረንቲ ነው፤ መብራት ሲዋዥቅ ቱቦውን የሚያሞቀው ክፍል ይቀዘቅዝና አንዱ ፈሳሽ ይወፍራል፣ ሠራተኛው ግን መርጨቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ውል ሲዋዋሉ ጀነሬተር እንዳላቸው ይጠይቁ።

ቆርጠው ሲያዩት መሃሉ ቡናማ ሆኖ የማረር ሽታ ካለው ደግሞ በአንድ ጊዜ ከልክ በላይ ተነፍቷል። ፎም ሲያድግ ይሞቃል፤ ከ50 ሚሊሜትር በላይ አንድ ላይ ከተነፋ ውስጡ ሊያር፣ እሳት ሊነሳም ይችላል። ሁለተኛው ንብር የመጀመሪያው እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ አለበት።

በሁለቱም ሁኔታ መጥፎውን ፎም መሸፈን ወይም ላዩ ላይ መደረብ አያድንም፤ ተነቅሎ ይወጣል። ሲነፋ ቤተሰቡ ከቤት ይውጣ፣ ቢያንስ ለ24 ሰዓት አይመለስ። ኢሶሲያኔት አስም ያስከትላል፣ የሠራተኛው የጨርቅ ማስክም ምንም አያደርግለትም።

ጣሪያው ደረቀ፣ ቁም ሳጥኑ ጀርባ ግን ሻገተ

ይህ የፎሙ ጥፋት አይደለም፣ ፎሙ ሥራውን ስለሠራ የመጣ ነው። ድሮ ቤቱ በየሽንቁሩ ይተነፍስ ነበር፤ አሁን ጣሪያው ተዘጋ፣ እንፋሎቱም ቀዝቃዛ የብሎኬት ግድግዳ ፈልጎ እዚያ ተቀመጠ። በተለይ በደንብ ያልደረቀ ጀንፈል በኩንታል መኝታ ክፍል የሚያስቀምጥ ቤት እርጥበቱ አይቀርለትም። ቡናውን ማውጣት፣ ወጥ ቤቱን መለየት ወይም አየር አውጪ ማስገባት፣ ከላይና ከታች ወንፊት ያለው የአየር መግቢያ መተው፣ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ማራቅ።

ከሻጋታው የሚከፋው ግን ከሰል ነው። በሽንቁር ይወጣ የነበረው ጭስ አልባ መርዝ በተደፈነ ቤት ውስጥ ይጠራቀማል። ፎም የተነፋበት ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ በርና መስኮት ይከፈት፤ ማታ ከሰል ይዞ መተኛት ፈጽሞ አይገባም።

ኮርኒስ የሌለው ቤት ፎሙን ተራቁቶ አይተወው። ይቀጣጠላል፣ ጭሱም ከባድ ነው። 12.5 ሚሊሜትር ጂፕሰም ቦርድ ይሸፍነዋል። ከቆርቆሮው ጫፍ ሥር ፀሐይ የሚያገኘውን ፎም ቀለም ይቀቡት፤ አለበለዚያ ቢጫ ይሆንና ይቦናል።

ቀን አሁንም ይሞቃል

የመስኮት ፀሐይ ነው ወይም ፎሙ ቀጭን ነው። መጋረጃ ይሞክሩ፣ ከዚያ ሽቦዎን ይዘው ይለኩ።

በፎሙ ላይ የአፈር መስመር ታየ

ምስጥ ነው። ፎም ለምስጥ ምግብ አይሆንም፣ ግን ይቦረቡረዋል፣ ከኋላው ያለውን ወራጅ ሲበላም አይታይም። በጭቃ ቤት ላይ ግድግዳና ጣሪያ በሚገናኙበት ቦታ አንድ ጋት ያህል እንጨት በፎም ሳይሸፈን ይቅር፣ በየጊዜውም ይታይ። መስመሩ ከታየ ዙሪያውን ቆርጠው ይክፈቱ፣ እንጨቱን በጩቤ ወግተው ይፈትሹ፤ የተበላው ከተቀየረና መድኃኒት ከተረጨ በኋላ ነው ፎሙ የሚመለሰው።