ዜን ገዳም ወጥ ቤት ለሚገቡ፦ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ጃፓን ሄዳችሁ ዜን (ተመስጦ ላይ የሚያተኩር የቡድሃ እምነት ዘርፍ) ገዳም ለመሰንበት ወይም የመነኮሳቱን ምግብ እቤታችሁ ሠርታችሁ ለመሞከር ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ ወጥ ቤቱን መናቅ ተዉ። "ዋናው ተመስጦው ነው፣ ድስቱን ሌላ ሰው ይየው" የሚል አይጠፋም። እዚያ ግን የወጥ ቤቱ አለቃ፣ ተንዞ የሚሉት፣ ከገዳሙ ስድስት ሹሞች አንዱ ነው። ኤይሄይጂ ገዳምን የመሠረተው ዶገን እ.ኤ.አ. በ1237 ለእሱ ብቻ መመሪያ ጽፏል። ዶገን ወጣት ሳለ ቻይና ውስጥ አንድ ጎባጣ ሽማግሌ ተንዞ በጠራራ ፀሐይ፣ ባርኔጣ እንኳ ሳያደርጉ፣ የገዳሙን ምግብ ሲያሰጡ አይቶ "ለምን በሌሎች አያሠሩትም?" ቢላቸው "ሌሎቹ እኔ አይደሉም" አሉት። አለቀ።

ሩዝ ስታጥቡ ስልካችሁን አስቀምጡት። ዶገን አሸዋውን ስትለቅሙ ሩዙን፣ ሩዙን ስታዩ አሸዋውን አትርሱ ይላል። ውሃውንም ዝም ብሎ መድፋት የለም፤ የድሮዎቹ አንዲት ፍሬ እንዳታመልጥ በጨርቅ ከረጢት ያጠሉት ነበር። እኛ ቤት ስንት ሩዝ በቧንቧ እንደሚሄድ ስታስቡት ያሳፍራል።

ለእኛ ሰው የሚከብደው ደግሞ ይሄ ነው፦ "ሥጋ የለውም፣ በቃ የጾም ነው" ብላችሁ ሽንኩርት ማቁላላት እንዳትጀምሩ። ቀይም ነጭም ሽንኩርት፣ ባሮም ቢሆን ክልክል ነው። ጣዕሙ የሚመጣው ከደረቀ ሺታኬ እንጉዳይና ኮምቡ ከሚባል የባሕር ተክል ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አሳድሯቸው። ኮምቡን ቸኩሎ ማንተክተክ ውሃውን ያዝለገልገዋል፣ ይመራልም። (ሁሉም የቡድሃ መነኩሴ ሥጋ አይበላም ማለት ግን አይደለም፤ ታይላንድ ውስጥ ለምነው የሚበሉት የተሰጣቸውን ይቀበላሉ።)

ገበታ ላይ ወሬ የለም፣ ጉርሻም የለም። የሚያድለው ሰው ሲቀዳላችሁ የሚበቃችሁን በእጅ ምልክት ካላሳያችሁት ሳህኑ ይሞላል፣ የተሞላውን ደግሞ መጨረስ ግዴታ ነው፤ ለዚህ ነው አዲስ ገቢዎች የመጀመሪያውን ቀን ሆዳቸውን ይዘው የሚነሱት። ሲያልቅ ሳሙና አትፈልጉ። ሳህኑ ላይ ሙቅ ውሃ ይፈስበታል፣ በብዙ ገዳማት በጨው በተብላላ የራዲሽ (ሥሩ የሚበላ አትክልት) ቁራጭ ዙሪያውን ትወለውሉታላችሁ፣ ከዚያ ቁራጩም ይበላል፣ ውሃውም ይጠጣል። ስለዚህ ያቺን ቁራጭ ከሩዙ ጋር ቀድማችሁ እንዳትበሏት።