«የለመድኩት ይሻለኛል» የሚልን ሰው ብራውዘር ማስቀየር፦ ችግርና መፍትሄ

ዘመድ ጥየቃ ስሄድ ቡናው ሳይፈላ ስልክ ይሰጠኛል። «እስቲ ይቺን ነገር እያት፣ ኢንተርኔቱ ተበላሽቷል።» ሳየው ኢንተርኔቱ ደህና ነው። ብራውዘሩ፣ ማለትም ገጾቹን የሚከፍተው አፕ፣ ግን ወይ አርጅቷል፣ ወይ ማስታወቂያ ወርሮታል።

ድሮ መልሴ አጭር ነበር፤ «ይሄን አጥፉትና ፋየርፎክስ ጫኑ።» ማንም አልሰማኝም። አሁን ሳስበው ልክ ነበሩ። ለአክስቴ ብራውዘር ማለት ፓስወርዷን የሚያስታውስላት፣ የምታነበውን ገጽ ሳትጽፍ የሚከፍትላት ነገር ነው። እሱን ጣይው ማለት ዕቃሽን ትተሽ ቤት ቀይሪ እንደማለት ነው። ሰው እምቢ ሲል ብዙ ጊዜ ዕቃውን እየጠበቀ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ይህ ከገባኝ በኋላ የሠራልኝ ነው።

ምልክት፦ «ምንም አልጎደለብኝም፣ ተወኝ»

ምክንያቱ የእኛው አጀማመር ነው። ስለ ፍጥነት፣ ስለ ግላዊነት፣ ማን ማንን እንደሚከታተል እናወራለን። እነዚህ እኛን የሚያሳስቡን ነገሮች ናቸው። ሰውየውን ያስቸገረውን አልጠየቅነውም።

መፍትሄው አሥር ደቂቃ አጠገቡ ተቀምጦ ዝም ብሎ ማየት ነው። የሚከፍተውን ይክፈት። የት ላይ ይቆማል? የት ላይ ይነጫነጫል? የት ላይ ሳያስበው ማስታወቂያ ይዘጋል? አንድ የሚያማርረው ነገር ታገኛላችሁ። ንግግሩን ከዚያ ጀምሩ፤ ሌላውን ለጊዜው ተዉት።

ስታዩት የጉግሉን ክሮም ወይም የማይክሮሶፍቱን ኤጅ የሚጠቀም፣ አፕዴቱ ወቅታዊ የሆነ፣ ምንም የማያማርር ሰው ከሆነም ቡናችሁን ጠጡ። እሱ ችግር የለበትም።

ምልክት፦ ስልኩ «ቫይረስ ገብቶብዎታል» እያለ ሌሊት ሁሉ ይጮኻል

ይህ በጣም የተለመደው ነው። እናቶችንም በጣም ያስፈራቸዋል። ስልኩ ሊፈነዳ ነው ብለው አጥፍተው ያስቀመጡ አውቃለሁ።

ብዙ ጊዜ ቫይረስ የለም። አንድ ቀን ፊልም ወይም መዝሙር ለማውረድ የገቡበት ገጽ «ኖቲፊኬሽን ልላክ?» ብሎ ጠይቋል። ገጹን ለማየት የቸኮለ ሰው «ፍቀድ» የሚለውን ይነካል። ከዚያ በኋላ ገጹ ተዘግቶ እንኳን ማስታወቂያው በብራውዘሩ በኩል መምጣቱን አያቆምም። መልእክቱ የቫይረስ ማስጠንቀቂያ መስሎ የሚላከው ሰው ደንግጦ እንዲነካው ነው።

ክሮም ላይ ሦስቱን ነጥቦች ንኩና ሴቲንግ ውስጥ ግቡ። የሳይት ሴቲንግን፣ ከዚያ ኖቲፊኬሽንን ክፈቱ። የተፈቀደላቸው ገጾች ተዘርዝረዋል። የማታውቁትን ሁሉ አስወግዱ። እዚያው ላይ ገጾች ጭራሽ ፈቃድ እንዳይጠይቁ መዝጋትም ይቻላል። አንዳንድ ስልክ ላይ ደግሞ ከፋብሪካ ተጭኖ የሚመጣው ብራውዘር ራሱ «ዜና» እያለ ይልካል። እሱን ከስልኩ ሴቲንግ፣ ከአፖች ዝርዝር ውስጥ ኖቲፊኬሽኑን አጥፉት።

ስለ መቀየር ለማውራት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ሌሊት የሚያስፈራቸውን ነገር ዝም አሰኝታችሁላቸዋል። «እማ፣ ማስታወቂያ የሚያግድ ብራውዘር አለ፣ ልጫንልሽ?» ስትሉ ይሰማሉ።

ምልክት፦ የዳታ ፓኬጁ ሳይጠቀሙበት ያልቃል

መጀመሪያ ብራውዘሩን አትክሰሱ። የስልኩ ሴቲንግ ውስጥ የዳታ አጠቃቀም የሚለውን ክፈቱና ማን እንደበላው እዩ። ከላይ የተቀመጠው ቲክቶክ ወይም ዩቲዩብ ከሆነ ብራውዘር ማስቀየር ምንም አይጠቅምም። ይህንን ሳያዩ ተስፋ መስጠት እምነት ያሳጣል።

ብራውዘሩ ከሆነ ግን ምክንያቱ ማስታወቂያ፣ በራሱ የሚጫወት ቪዲዮ፣ ወይም አዲስ ገጽ በተከፈተ ቁጥር በፎቶ የሚሞላ የዜና ዝርዝር ነው። ክሮም ድሮ ለአንድሮይድ ዳታ መቆጠቢያ ነበረው፤ በፈረንጆቹ 2022 ቀርቷል። ዛሬም «ክሮም እኮ ይቆጥባል» የሚለው ብዙ ነው።

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ፋየርፎክስ ጭኖ ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለውን ማስታወቂያ ማገጃ መጨመር ነው። ክሮም አንድሮይድ ስልክ ላይ እንዲህ ዓይነት ተጨማሪ አይቀበልም፤ ፋየርፎክስ ይቀበላል። ሌላው ብሬቭ ነው፤ ምንም ሳይጨመርበት ማስታወቂያ ያግዳል። ሴቲንግ መነካካት ለማይወድ ሰው ብሬቭን እመርጣለሁ። ከክሮም ጋር አንድ ዓይነት ሞተር ላይ ስለተሠራ መልኩም ብዙ አይለይበትም።

ስለ ኦፔራ ሚኒ በእርግጥ ትጠየቃላችሁ። ዳታ መቆጠቡ እውነት ነው፤ ያለ ምክንያት አልተወደደም። የሚቆጥበው ግን ገጹን መጀመሪያ በራሱ ሰርቨር፣ ማለትም በኩባንያው ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ፣ ጨምቆ ስለሚልክ ነው። በከፍተኛው የቁጠባ ደረጃ ላይ ሲሆን የምትጽፉት ሁሉ መሀል ላይ በዚያ ሰርቨር ያልፋል። ስለዚህ ለዜና ይሁን፣ ለባንክና ለኢሜይል ግን አይሁን እላለሁ። ዩሲ ብራውዘርን ግን በግልጽ እቃወማለሁ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው የምርምር ተቋም ሲትዝን ላብ በፈረንጆቹ 2015 ባወጣው ምርመራ፣ አፑ የተጠቃሚዎችን የፍለጋ ቃልና ያሉበትን ቦታ ጭምር በቂ ምስጠራ ሳያደርግ ሲልክ ተገኝቷል።

ምልክት፦ «ግንኙነትዎ የግል አይደለም» ይላል፣ ምንም ገጽ አይከፍትም

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ብራውዘሩን ያጠፋና እንደገና ይጭናል። ያው ነገር ይመለሳል። ቀኑን እዩ።

እኛ አገር ይህ ችግር የራሱ መልክ አለው። አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ስልካቸው አልከፍት ብሏቸው ጠሩኝ። ቀኑን በእጃቸው ሞልተውታል፤ በእኛ አቆጣጠር። 2024 መሆን የነበረበት 2016 ነው። እንዴት ይፈረድባቸዋል? እውነተኛውን ዓመት ነው የጻፉት። ስልኩ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። እያንዳንዱ አስተማማኝ ገጽ ማንነቱን የሚያረጋግጥ፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን የተጻፈበት ሰርተፊኬት አለው። ከፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 2020 ወዲህ የሚሰጠው ደግሞ ዕድሜው ከ398 ቀን አይበልጥም። ስለዚህ ስምንት ዓመት ወደኋላ የቀረ ስልክ እያንዳንዱን ሰርተፊኬት «ገና አልተጀመረም» ብሎ ይጥለዋል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ስልኩ 8:00 ማለቱ የሚያናድዳቸው ሰዎች ስድስት ሰዓት ቀንሰው ያስቀምጡታል። ገጾቹ ይከፈቱ ይሆናል፤ ከአፕ የሚወጣው የማረጋገጫ ኮድ ግን እምቢ ይላል፣ ምክንያቱም ኮዱ የሚሰላው ከሰዓት ነው።

ቀንና ሰዓቱን አውቶማቲክ አድርጉት። የእኛን አቆጣጠር ለሚፈልግ ሰው ደግሞ የኢትዮጵያ ካላንደር አፕ ጫኑለትና ስክሪኑ ፊት ላይ አውጡለት። ይህን ካላደረጋችሁ በማግስቱ መልሶ ይቀይረዋል፤ ልክም ነው።

ዴስክቶፕ ከሆነና መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደኋላ የሚሄድ ከሆነ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለው ናት። ቀይሯት።

ቀኑ ትክክል ሆኖም አልከፍት ካለ፣ መሣሪያው አርጅቷል። የቆዩ አንድሮይድ ስልኮች የሚያምኗቸው የሰርተፊኬት ሰጪዎች ዝርዝር ከስልኩ ጋር የመጣ ነው፤ አይታደስም። ፋየርፎክስ የራሱን ዝርዝር ይዞ ስለሚመጣ ክሮም ያልከፈተውን ሊከፍት ይችላል። ዊንዶውስ 7 ላይ ደግሞ የመጨረሻው ክሮም 109ኛው ነው፤ ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ አዲስ ክሮም ለዊንዶውስ 7 አልወጣም። ፋየርፎክስ 115 የሚባለው የረጅም ጊዜ ስሪት ግን ከዚያ በኋላም በ2024 እና በ2025 የደህንነት ማስተካከያ ሲያገኝ ቆይቷል። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ያለ ሰው «ለምን ፋየርፎክስ?» ካለኝ ይህን ነው የምነግረው።

ምልክት፦ «ሱቄን የማየው በሰማያዊዋ ብቻ ነው»

ሰማያዊዋ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ናት። ማይክሮሶፍት ሰኔ 8 ቀን 2014፣ በፈረንጅ ጁን 15 ቀን 2022፣ ድጋፍ ማድረጉን አቁሟል። ሰውየው ግን ግትር ሆኖ አይደለም። የሱቁ ካሜራ መቅጃ የተሠራው አክቲቭኤክስ በሚባል፣ በሌላ ብራውዘር በማይከፈት የድሮ የማይክሮሶፍት ቴክኖሎጂ ነው። የአንዳንድ ቢሮ የቆየ ሲስተምም እንደዚሁ።

ኤጅ ውስጥ ግቡ። ሴቲንግ ላይ «ዲፎልት ብራውዘር» በሚለው ስር ገጾችን በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ሞድ መክፈት እንዲፈቀድ አድርጉ። የካሜራውን አድራሻ ጨምሩበት። በዚህ መንገድ የጨመራችሁት ገጽ ከ30 ቀን በኋላ ስለሚወጣ ወር በገባ ቁጥር መጨመር አለበት፤ ይህን ለባለሱቁ ጽፋችሁ ስጡት። ማይክሮሶፍት ይህን ሞድ ቢያንስ እስከ ፈረንጆቹ 2029 አቆያለሁ ብሏል። ካሜራው በዚያ ይታይ፣ ሌላው ሁሉ በአዲሱ ይሁን።

ምልክት፦ አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይታያል

ይህ የፊደል እንጂ የብራውዘር ችግር አይደለም። ኮምፒውተሩ የግዕዝ ፎንት የለውም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ጫኑ፣ ብራውዘሩን ዝጉና ክፈቱ።

ምልክት፦ ሊቀይር ፈልጎ በመጨረሻ ሰዓት «ፓስወርዴስ?» ብሎ ይተዋል

ዋናው ቦታ ይህ ነው። ቀስ በሉ።

የብዙ ሰው ፌስቡክና ኢሜይል የተከፈተው ስልኩ በተገዛ ቀን፣ በሞባይል ቤቱ ልጅ እጅ ነው። ፓስወርዱን የሞላው ልጁ ነው። የማስመለሻ ስልክ ቁጥሩም ወይ የልጁ ነው፣ ወይ ድሮ የጠፋ ሲም ነው። ባለቤቱ ፓስወርዱን አንድም ቀን አያውቀውም። ያለው እዚያ ብራውዘር ውስጥ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ከወጣ የልጆቹ ፎቶና ከውጭ ካሉት እህቶቹ ጋር የተጻጻፈው ሁሉ ይቀራል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ «ምንም አይሆንም» ብላችሁ አትለፉት። እኔ እንደዚያ ብዬ የአንድ ዘመዴን አካውንት አስጠፍቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ምንም ነገር ከመጫናችሁ በፊት የአሮጌውን ብራውዘር ሴቲንግ ክፈቱና የተቀመጡ ፓስወርዶችን እዩ። ለዋና ዋናዎቹ ደብተር አምጡና በባለቤቱ እጅ አስጽፉ። ከዚያ አካውንቱ ውስጥ ገብታችሁ የማስመለሻ ስልኩን አሁን ወደሚጠቀምበት ቁጥር ቀይሩ። ይህ ከብራውዘሩ በላይ ይጠቅመዋል። ሰውየው ሳይቀይር ቢቀር እንኳን መምጣታችሁ ከንቱ አልሆነም።

ቀጥሎ ዕቃውን ማጓጓዝ ነው። ኮምፒውተር ላይ ፋየርፎክስም ብሬቭም ኤጅም ከሌላ ብራውዘር «ኢምፖርት» የሚል አላቸው፤ ቡክማርኩን (ያስቀመጣቸውን ገጾች)፣ ታሪኩን፣ አንዳንዴ ፓስወርዱንም ያመጣሉ። ፓስወርዱ በዚህ ካልመጣ ከአሮጌው በሲኤስቪ ፋይል፣ ማለትም በተራ የጽሑፍ ዝርዝር አውጥታችሁ አስገቡት። ያ ፋይል ፓስወርዶቹን ማንም በሚያነበው መልክ የያዘ ነው። ስትጨርሱ አጥፉት፣ ከሪሳይክል ቢንም አጥፉት። በቴሌግራም ለራሳችሁ አትላኩት።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው አዲሱን ብራውዘር ከፍታችሁ የምታሳዩት። ሲከፍተው የራሱን ገጾች እዚያው ተደርድረው ያገኛቸዋል። ፊቱ ሲፈታ ታያላችሁ።

ምልክት፦ ቀየረ፣ በሳምንቱ ወደ አሮጌው ተመለሰ

መጀመሪያ የአዶውን ቦታ እዩ። ጣቱ የለመደው ቦታ አለ። አዲሱን በትክክል አሮጌው የነበረበት ቦታ ላይ አስቀምጡ፤ አሮጌውን ወደ ሁለተኛው ገጽ ውሰዱት። አታጥፉት። መመለሻ እንዳለው የሚያውቅ ሰው ደፍሮ ይሞክራል። ከወር በኋላ ራሱ «ይቺን አጥፋልኝ» ይላል።

ቀጥሎ ዲፎልት ብራውዘር ማን እንደሆነ አረጋግጡ። ይህ ካልተቀየረ ሊንክ በነካ ቁጥር አሮጌው ይከፈታል።

ሦስተኛው ቴሌግራም ነው። ዛሬ ብዙ ሰው ሊንክ የሚነካው ቴሌግራም ላይ ነው። ቴሌግራም ደግሞ በራሱ ውስጥ ባለ ብራውዘር ይከፍታል። የጫናችሁት ማስታወቂያ ማገጃ እዚያ አይሠራም። ሰውየው «ያው ነው፣ ምንም አልተለወጠም» ሲል እውነቱን ነው። ከቴሌግራም ሴቲንግ፣ ከቻት ሴቲንግ ውስጥ የውስጥ ብራውዘር የሚለውን አጥፉት። ሊንኮቹ ከዚያ በኋላ ወደ አዲሱ ይሄዳሉ። ፌስቡክ ላይ ከሆነ ሦስቱን ነጥቦች ነክቶ በውጭ ብራውዘር መክፈትን አሳዩት።

በሦስተኛው ቀን ደውሉ። «እንዴት ነው፣ ወደድከው?» አትበሉ፤ ላለማስቀየም «አዎ» ይላችኋል። «ያልከፈተልህ ገጽ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ካለ ሄዳችሁ አስተካክሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ማስታወቂያ ማገጃውን ለዚያ ገጽ ብቻ ማጥፋት ይበቃል።