በሰላሌ አድርጎ ዓባይ በረሃ ለሚወርድ ባለመኪና

ዓባይ በረሃን ለማየት ያሰባችሁ፣ እባካችሁ ሰላሌን በሩጫ አትለፉት። ከአዲስ አበባ የበረሃው አፋፍ ላይ እስካለችው ጎሐ ጽዮን ወደ 185 ኪሎ ሜትር ነው። አብዛኛው ሰው ይሄን መንገድ የሚያየው ቶሎ መገላገል እንዳለበት ነገር ነው፤ ለእኔ ግን ግማሹ ጉዞ እሱ ነው።

መጀመሪያ ወቅቱ። በክረምት አትሂዱ፣ ጉም አለ፣ በረሃው ውስጥም መሬቱ ይንሸራተታል። ኅዳር ምርጥ ነው። ጤፉ መንጣት ሲጀምር አጠገቡ ያለው ጓያና ሽምብራ ገና አረንጓዴ ነው፤ ዋልካው የክረምቱን ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ገበሬው እነሱን የሚዘራው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ነው። አውድማ ማየት የሚፈልግ ደግሞ ጥር ድረስ ይታገስ። ያኔ መኪናችሁን ዳር አቁሙና ሲያዘሩ ተመልከቱ። ገበሬው ነፋስ ይጠብቃል፣ መጣ ሲል በላይዳ ወደ ላይ ይበትነዋል፣ ገለባው ወደ ጎን ይሄዳል፣ እህሉ እግሩ ስር ይወርዳል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ግን ጠይቁ። «አካም ጅርቱ» ብሎ መጀመር ብቻ ፊት ይፈታል።

በጉዞው ዋዜማ ማታ በዚያ መስመር የሚመላለሱ ሾፌሮችን ስለ መንገዱ ሰላም ጠይቁ። ጥሩ አይደለም ካሏችሁ ጉዞው ይቅር፣ ዓባይ የትም አይሄድም። ፍሬን ሸራውን፣ የፍሬን ዘይቱንና ስኮርታ ጎማውን አሳዩ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ውጡ፣ ከመሸ በኋላ መንዳት የለም።

ሱሉልታን፣ ጫንጮንና ሙከ ጡሪን ስታልፉ ፍጥነት ቀንሱ፤ ከብቱም ፈረሱም አስፋልቱን የራሱ አድርጎታል፣ የገበያ ቀን ከሆነማ ይብሳል። 100ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ደብረ ሊባኖስ ነው። ግቡ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ገዳም ነው፤ በግንቦት 1929 ዓ.ም ደግሞ የግራዚያኒ ጦር የጨፈጨፈው የዚሁን ገዳም መነኮሳትና ምእመናን ነው። ይሄን እያወቀ የሚገባ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳዎች አይጠፉም፣ ምግብ አትስጧቸው።

ምሳችሁን ፍቼ ብሉ፣ ነዳጅም እዚያው ሙሉ። ልጅ ኢያሱ በራስ ካሣ ጥበቃ ሥር ታስረው የኖሩት በዚህች ከተማ ነበር።

ከጎሐ ጽዮን በኋላ ሌላ ዓለም ነው። ድልድዩ ድረስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁለት አለ፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ታች ትወርዳላችሁ። ጋቢ ለብሶ የተነሳ ሰው ታች ሲደርስ በካናቴራ ነው። ከባድ ማርሽ አስገቡና ሞተሩ ይያዛችሁ፤ ፍሬን ላይ እግር ጭኖ መውረድ ሸራውን ያግለዋል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። በፎሌ መውረድ በጭራሽ! ከፊት ቀስ የሚል የጭነት መኪና ካለ ታገሱት፣ ኩርባ ላይ አትቅደሙ። የማይነዳው ሰው ግድግዳውን ይይ፦ ላይ ጥቁር ድንጋይ፣ ወረድ ሲል ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይና ጂፕሰም፣ ወንዙ አካባቢ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ።

በጃፓን ድጋፍ የተሠራውና በ2000 ዓ.ም መጨረሻ የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 303 ሜትር ነው፣ አሮጌው አጠገቡ አለ። ጠባቂዎች አሉ፣ ድልድዩን ፎቶ ማንሳት አይቻልም። ካሜራችሁን ላይ፣ ጎሐ ጽዮን አፋፍ ላይ ጨርሱ። ታች የሚፈሰው መጽሐፉ ግዮን የሚለው፣ ሸዋንና ጎጃምን የሚለየው ወንዝ ነው፤ ለእሱ ዓይን ይበቃል።

ማዶ ወጥቶ ደጀን ማደር ይቻላል። በዚያው ቀን የምትመለሱ ከሆነ ግን ከ8 ሰዓት በፊት ዳገቱን ጀምሩ፣ የሞተሩን ሙቀት እያያችሁ። ከጋለ ዳር ይዛችሁ አሳርፉት፣ ሳይበርድ የራዲያተሩን ክዳን አትክፈቱ።